የፓዮኒርን ጉተታ የሚፈትሽ መንኮራኩር፦ ከድሬዳዋ የንድፍ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፦ ቁጥሩን ማሰር

የናሳ የጠፈር መንኮራኩሮች የሆኑት ፓዮኒር 10 በማርች 1972፣ ፓዮኒር 11 በኤፕሪል 1973 ተወነጨፉ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፕላኔቶቹን አልፈው ሲርቁ የሬድዮ ሞገዳቸው ከስሌቱ ጋር አልገጥም አለ። ሁለቱም ወደ ፀሐይ አቅጣጫ በጥቂቱ የሚጎተቱ ይመስሉ ነበር። ጆን አንደርሰንና ባልደረቦቹ ነገሩን በ1998 ይፋ አወጡት። በ2002 ባቀረቡት ዝርዝር ትንተና የጉተታው አክስለሬሽን (ፍጥነቱን በየሰከንዱ የሚለውጥበት መጠን) 8.74×10⁻¹⁰ ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ የስሕተት ወሰኑ ደግሞ 1.33×10⁻¹⁰ ሆነ። በ2012 ስላቫ ቱሪሼቭ፣ ቪክቶር ቶዝና አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎች የመንኮራኩሩን የሙቀት አወጣጥ ክፍል በክፍል አስልተው፣ ጉተታው መንኮራኩሩ ራሱ ወደ አንድ ወገን አብዝቶ ከሚለቀው ሙቀት የመጣ መሆኑን አሳዩ።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ተልዕኮ መንደፍ ምን ይፈይዳል? ያ መልስ የተገኘው ከአሮጌ ሰነድና ከሞዴል ነው። ሙቀቱን ለመለካት ታስቦ የተሠራ መንኮራኩር እስካሁን አልበረረም። በዚያ ላይ በምድር አጠገብ በሚያልፉ መንኮራኩሮች ላይ የታየው የፍጥነት ለውጥ ስምምነት የተደረሰበት ማብራሪያ የለውም። ስለዚህ ንድፉ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ይዟል። ሥራው በወረቀትና በኮምፒውተር ነው፤ እጅ የሚያቆሽሸው ክፍል የሙቀት ሙከራው ብቻ ነው፤ ሳቢያን አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይካሄዳል።

ግባችን 10⁻¹¹ ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ ከፓዮኒር ጉተታ ወደ ዘጠና እጥፍ የሚጠጋ ያነሰ። መንኮራኩሩን 500 ኪሎ አድርገን ብንይዝ ይህ 5 ናኖኒውተን ይሆናል። ዋትን ለብርሃን ፍጥነት ስናካፍል ኒውተን ስለሚገኝ፣ 5 ናኖኒውተን ማለት በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚወጣ 1.5 ዋት ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ይህ ቁጥር ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ክፍል፣ ቀለምም ሆነ ቫልቭ ወይም ሽቦ፣ «ስንት ዋት ወዴት ይለቃል?» ተብሎ ይጠየቃል።

የፓዮኒርም ሒሳብ በዚሁ መንገድ ይወጣል። 250 ኪሎ ገደማ በ8.74×10⁻¹⁰ ሲባዛ 2.2×10⁻⁷ ኒውተን፣ ማለትም 65 ዋት ነው። አራቱ የፕሉቶኒየም ጄኔሬተሮች ሲነሡ 2,500 ዋት ያህል ሙቀት ያወጡ ስለነበር፣ ከመቶ 2.6 የምታህል መዛባት ብቻዋን ትበቃለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ከጠፍጣፋ ገጽ የሚወጣ ሙቀት እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ሁሉም ማዕዘን ይበተናል። ስለዚህ የሚገፋው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። 65 ዋት ቀጥተኛ ግፊት ለማግኘት 98 ዋት የተበተነ ሙቀት ያስፈልጋል። የእኛም 1.5 ዋት በዚሁ ስሌት 2.25 ይሆናል።

የኃይሎቹ ደብተር

ርቀትን የምንቆጥረው ከፀሐይ እስከ ምድር ባለው ርቀት ነው፤ «20 እጥፍ» ስንል የዚያ ሃያ እጥፍ ማለታችን ነው። ሒሳቡ እንደ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ነው፤ ማን ስንት እንዳለበት ካልተጻፈ መጨረሻ ላይ የጎደለው ከማን እንደሆነ አይታወቅም።

የፀሐይ ብርሃን፦ ምድር ጋ በካሬ ሜትር 4.56×10⁻⁶ ኒውተን ይገፋል፤ 20 እጥፍ ላይ 1.14×10⁻⁸ ይሆናል። 2.7 ሜትር ስፋት ያለው የአንቴና ሳህን፣ ነጸብራቁ ተጨምሮ፣ ወደ ውጭ 2.2×10⁻¹⁰ አክስለሬሽን ያገኛል። ይህ የግባችን 22 እጥፍ ነው። 10 እጥፍ ርቀት ላይ ደግሞ 8.9×10⁻¹⁰ ይሆናል፤ የፓዮኒርን ጉተታ ያህል ማለት ነው፣ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ። የፓዮኒር ትንተና በዋናነት ከ20 እጥፍ በኋላ ባለው መረጃ ላይ የተመረኮዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሬድዮ ጨረር፦ ሳህኑ ወደ ምድር 20 ዋት ሲልክ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ በ1.3×10⁻¹⁰ ይገፋል። ይህን በወረቀት ላይ ካለው የማሰራጫ አቅም መውሰድ አይበቃም፤ የሚወጣው ዋት በሳህኑ መጋቢ ላይ በቀጥታ መለካት አለበት።

የቫልቭ ፍንጣቂ፦ አስቸጋሪው ይህ ነው። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ነዳጅ፣ ሃይድራዚን፣ በአንድ የጋዝ መተኮሻ አፍንጫ በሰከንድ 10⁻¹¹ ኪሎ ቢያፈስ፣ በሰከንድ 500 ሜትር የሚወጣ ጋዝ 5 ናኖኒውተን ይሰጣል። በዓመት ሲቆጠር 0.3 ግራም ነው! ከቁንጢት ጨው ያነሰ ነዳጅ ሙሉ ግባችንን ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አፍንጫ ቫልቭ በላይ ሌላ የሚቆለፍ ቫልቭ በተከታታይ ይገባል፤ በሁለቱ መካከልም የግፊት መለኪያ ይቀመጣል። መንኮራኩሩ ከተዘዋወረ በኋላ መካከለኛው ግፊት ሲወርድ ከታየ የዚያ ወር መረጃ ለብቻው ይመዘገባል።

የራስ ሙቀት፦ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ የቀሩት ወራት ሥራ በሙሉ በእሱ ዙሪያ ነው።

ኅዳር፦ ቅርጹ

የናሳ ቮያጀር መንኮራኩሮች ለእንዲህ ዓይነት መለኪያ አልሆኑም። ሦስቱንም አቅጣጫ የሚጠብቁት በአፍንጫ ጋዝ ስለሆነ፣ የጋዙ ትንንሽ ግፊት ከሚፈለገው ምልክት ይበልጣል። ፓዮኒሮች ግን እንደ እንዝርት እየተሽከረከሩ ስለሄዱ ለወራት ሳይነኩ ይቆዩ ነበር። የእኛም በደቂቃ 2 ዙር ይሽከረከራል። መሽከርከሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ወደ ጎን የሚወጣ ሙቀት በእያንዳንዱ ዙር ራሱን ያጣፋል። የሚቀረው በእንዝርቱ ዘንግ ላይ ያለው የፊትና የኋላ ልዩነት ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቅርጹ በራሱ ይወጣል። ፊትና ኋላ እኩል የሆኑ ሁለት የአንቴና ሳህኖች፤ በመካከላቸው ሰውነቱ፤ ጄኔሬተሩ በጎን በወጣ ዘንግ ላይ፣ ከሁለቱ ሳህኖች እኩል በራቀ ወለል። የፓዮኒር አንዱ ችግር ይኸው ነበር፤ የጄኔሬተሮቹ ሙቀት የአንድያውን ሳህን ጀርባ እየመታ ከፀሐይ ተቃራኒ ወዳለው ወገን ይንጸባረቅ ነበር። በላዩ ላይ ሙቀት ማስተንፈሻ ክንፎቹም በዚያው በኋላው ወገን ነበሩ። የእኛ ክንፎች በጎን ብቻ ይሆናሉ።

ጄኔሬተሩ ማርስ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ የተሸከመው ዓይነት አንድ ይሁን ተባለ፦ 2,000 ዋት ያህል ሙቀት፣ ሲነሣ 110 ዋት ኤሌክትሪክ፣ ክብደቱ 45 ኪሎ። ሁለት ማድረግ ሚዛን ያሳምራል፤ ግን የሚወጣው ሙቀት እጥፍ ሲሆን የሚፈቀደው ስሕተት በግማሽ ይጠብባል። አንድ ጄኔሬተር በአንድ ዘንግ፣ በተቃራኒው ዘንግ መሣሪያዎች እንደ ማመዛዘኛ። በዚህ ስሌት 2.25 ዋት ከ2,000 ዋት ውስጥ በሺህ አንድ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ጥራት ከሞዴል ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ዘዴው መገልበጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ኒዬቶና ቱሪሼቭ በ2004 ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ሁለት ሳህን ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። መንኮራኩሩ ስድስት ወር በአንዱ ሳህን ከምድር ጋር ይነጋገራል፣ ከዚያ 180 ዲግሪ ዞሮ ስድስት ወር በሌላኛው። የራሱ ሙቀት የሚሰጠው ግፊት ከአካሉ ጋር አብሮ ይገለበጣል፤ እውነተኛ ጉተታ ካለ ግን ወደ ፀሐይ እንደዞረ ይቀራል። ሁለቱን ወቅት መደመርና መቀነስ ይለያቸዋል። ሳይገለበጥ መጠበቅስ? የፕሉቶኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ 87.7 ዓመት ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ሙቀቱ ከመቶ 4 ያህል ብቻ ይቀንሳል። ያንን ቀስ ያለ ቅናሽ ከቋሚ ጉተታ መለየት ለሒሳቡ ፈተና ነው።

የመገልበጡ ዋጋ ርካሽ ሆኖ ተገኘ። የአካሉ የመሽከርከር ኢነርሺያ 300 ኪሎግራም ሜትር ካሬ ቢሆን፣ በደቂቃ 2 ዙር ላይ የእንዝርቱን ዘንግ በግማሽ ዙር ለማዞር፣ ከማዕከሉ 1.5 ሜትር በራቀ አፍንጫ 132 ኒውተን ሰከንድ ይበቃል፤ 60 ግራም ሃይድራዚን መሆኑ ነው። በቁርጥራጭ ምት ስለሚተኮስ እጥፉን እንያዝ፦ 120 ግራም። አሥር ጊዜ ቢገለበጥ 1.2 ኪሎ።

ግን መገልበጥ የማይነካቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። የሬድዮው ጨረር በየትኛውም ሳህን ቢወጣ ወደ ምድር ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ አይገለበጥም፤ እውነተኛ ጉተታን መስሎ ይቀመጣል (ምልክቱ ተቃራኒ ሆኖ)። መፍትሔው ማሰራጫውን ለ30 ቀን ማጥፋት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚቀረው የፍጥነት ልዩነት 0.35 ሚሊሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ሲከፈት በዶፕለር፣ ማለትም በፍጥነት ምክንያት በሚመጣው የሬድዮ ሞገድ ድግግሞሽ ለውጥ፣ በግልጽ ይነበባል። ማሰራጫው ሲጠፋ የተረፈው ኤሌክትሪክ በማቃጠያ ሬዚስተር ይወጣል፤ ሬዚስተሩም በጎን በኩል፣ በመካከለኛው ወለል ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንዱን ስሕተት በሌላው መለወጥ ነው። ሁለተኛው የፀሐይ ብርሃን ነው። 20 እጥፍ ላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረው ሳህን ላይ 19 ዋት ያህል ይወርዳል፤ የትኛውም ሳህን ቢዞር ያው ነው። ይህ በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ ከሌሎቹ የሚለየው በጉዞው ርዝመት ነው፤ 40 እጥፍ ላይ አራተኛው ብቻ ይቀራል።

ታኅሣሥ፦ የጠፍጣፋው ሙከራ

ወደ ጠረጴዛ የወረደው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ወገኑ የተቀባ፣ ሌላው ወገኑ የተወለወለ ጠፍጣፋ ሙቀቱን በስንት ለስንት ያካፍላል? ግፊቱን ራሱን መለካት አይታሰብም። 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ አሉሚኒየም በ80 ዲግሪ የሚሰጠው ግፊት 8 ናኖኒውተን እንኳ አይሞላም። በክር ላይ አንጠልጥሎ መሞከር ደግሞ ለባሰ ማታለል ይዳርጋል። አየር በጥቂቱ ከቀረ የሞቀው ወገን የጋዝ ሞለኪውሎችን አጥብቆ ስለሚገፋ፣ የሚታየው እንቅስቃሴ የብርሃን ሳይሆን የጋዝ ነው፤ በሺህ እጥፍ ይበልጣል። በብርጭቆ አምፑል ውስጥ የምትሽከረከረው የብርሃን ወፍጮ የምትዞረው በዚሁ ነው፤ የብርሃን ግፊት ቢሆን ኖሮ አዟዟሯ ተቃራኒ በሆነ ነበር። ስለዚህ የሚለካው ዋት ነው።

ጠፍጣፋው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት አሉሚኒየሞች ናቸው፤ በመካከላቸው የሴራሚክ ሬዚስተሮች በሙቀት አስተላላፊ ቅባት ተጣብቀዋል። አንዱ ገጽ በምድጃ ጥቁር ስፕሬይ ተቀብቷል። ሌላው በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራ ወደ ለስላሳ ተፈግፍጎ፣ በመጨረሻ በመኪና ማወልወያ ቅባት መስተዋት እስኪመስል ተወልውሏል። በቀለም ረገድ አንድ ነገር ይታወቅ፦ በዚህ ሙቀት ላይ ነጭ ቀለምም እንደ ጥቁሩ ይጨርራል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጨርር ገጽ 1 ቢባል ሁለቱም 0.9 አካባቢ ናቸው። ዓይን የሚያየው ቀለም ለሙቀት ጨረር ደንታ የለውም። የተወለወለው አሉሚኒየም ግን 0.05 ገደማ ነው፤ እሱም የጣት አሻራ እስካልነካው ድረስ። አሻራው ሲሞቅ እንደ ጥላ ይታያል፤ የደረቀ የላብ ጨው ነው፤ በአልኮል ካልተጠረገ ቁጥሩን ያበላሻል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ሲነሣም ያው ነው፤ የሙከራው ዕቃ ከመዘጋቱ በፊት ጠፍጣፋው ላይ የተቀመጠ አቧራ ቁጥሩን ይጎዳል።

ታይዋን ከሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የሚገኘው በሽጉጥ መልክ የተሠራ የሙቀት መለኪያ እዚህ ላይ ያታልላል። የተሠራው 0.95 ለሚጨርር ገጽ ነው። በ80 ዲግሪ ላይ ያለውን የተወለወለ ገጽ ሲያነጣጥሩበት፣ 30 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ 33 ብሎ ያሳያል። የሚያነበው የክፍሉን ነጸብራቅ ነው፤ እጅ ቢጠጋ የእጁን ሙቀት ይናገራል። ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ቁራጭ ለጥፎ ቴፑን ማንበብ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀጭን የቴርሞካፕል ሽቦ ነው።

በክፍት አየር የተደረገው ሙከራ ምንም አይነግርም፤ ምክንያቱም በቁጥር ግልጽ ነው። 80 ዲግሪ ያለው ጥቁር ገጽ 30 ዲግሪ ላለው ክፍል በካሬ ሜትር 360 ዋት ያህል በጨረር ይሰጣል፤ የተወለወለው 20 ብቻ። አየሩ ግን ወደ ላይ እየነፈሰ ከሁለቱም ገጾች በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 400 ዋት ይወስዳል። የተፈለገው 20 በዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ጣሪያ ላይ ያለው ቬንቲሌተር ከተከፈተማ ጭራሽ አይጠየቅም።

ስለዚህ አየሩ መውጣት አለበት። አየር የሚወጣለት የቫክዩም ዕቃ የተሠራው ቶርኖ ቤት ነው፦ 24 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ታቹ በብየዳ የተዘጋ፣ አፉ በቶርኖ የተስተካከለ፤ ማኅተሙ ከጭነት መኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት። ክዳኑ ላይ መሣሳት አይቻልም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ያነሰ ነው፤ 88 ኪሎፓስካል አካባቢ። ያም ሆኖ በዚያ ስፋት ላይ ሲያርፍ 400 ኪሎ ነው። ቀጭን ፕላስቲክ ክዳን መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል፤ ቁርጥራጩም ወደ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ወደ ሰው ይወረወራል። የብረት ክዳን ይሁን፤ ማየት ግዴታ ካልሆነ መስኮት አያስፈልገውም። ውስጡ በሙሉ ጥቁር ይቀባል፤ አለዚያ ከጥቁሩ ገጽ የወጣው ከግድግዳው ነጥሮ የተወለወለውን ያሞቀዋል።

እንደ አየር ማውጫ ፓምፕ የሚያገለግል የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ነፋሱን ይገድላል እንጂ ሥራውን አይጨርስም። ጋዝ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ግፊቱ ሲቀንስ ወዲያው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ሞለኪውል ከሞለኪውል ሳይጋጭ የሚሄደው ርቀት ከክፍተቱ ሲበልጥ ነው። በ1 ሚሊባር ያ ርቀት 0.07 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ለ5 ሴንቲሜትር ክፍተት ከአንድ ሺህኛ ሚሊባር በታች መውረድ ያሻል። እስከዚያ ድረስ የቀረው አየር በካሬ ሜትር 26 ዋት ያሻግራል፤ የተወለወለው ገጽ ከሚጨርረው 20 ይበልጣል! የኤሲ ጥገና ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ባለሁለት ደረጃ ፓምፕ በጣም ይሻላል፤ በደንብ የያዘ ማኅተም ካለ የጋዙን ድርሻ ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ቆሞ ዘይቱ ወደ ዕቃው ይሳባል፤ የዘይት ጭጋግ የተወለወለው ገጽ ላይ ተቀምጦ ጨረሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በፓምፑና በዕቃው መካከል መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ የግድ ነው።

ሽቦም ይቆጠራል። 1 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት፣ 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የመዳብ ሽቦ በ50 ዲግሪ ልዩነት 0.2 ዋት ያሸሻል። ሁለት ሽቦ 0.4 ዋት ነው፤ የተወለወለው ገጽ በጠቅላላ የሚያወጣው 0.2 ሆኖ ሳለ። በአሥረኛ ውፍረት ሽቦ ተተክቷል፤ ጠፍጣፋውም በዓሣ ማጥመጃ ክር ተንጠልጥሏል። ኤሌክትሪኩ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ በማስተካከያ ሞጁል ይመጣል። በቀጥታ ከባትሪው ቢሆን፣ ቮልቴጁ ከ12.6 ወደ 12 ሲወርድ ዋቱ ከመቶ 9 ይቀንሳል።

አሠራሩ፦ ጠፍጣፋው 80 ዲግሪ ላይ እንዲረጋ የሚያስፈልገው ዋት ይነበባል፤ መጀመሪያ ሁለቱም ገጽ ጥቁር ሆኖ፣ ቀጥሎ አንዱ ተወልውሎ፣ በመጨረሻ ሁለቱም። በጨረር ብቻ ቢሆን 7.2፣ 3.8 እና 0.4 ዋት ይጠበቃሉ። ሽቦውና የቀረው ጋዝ በሦስቱም እኩል ስለሚጨምሩ በመቀናነስ ይወጣሉ፤ የሙከራው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። አንዱን ብቻ ለክቶ መተማመን አይሆንም። ለመርጋት ጊዜ ይወስዳል፤ ጥቁርና የተወለወለ ገጽ ላለው ጠፍጣፋ የሙቀት ጊዜው 11 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የተነበበ ቁጥር አይጻፍም። ሁለቱም የተወለወሉ ሲሆኑ ሰዓታት ይፈጃል። ቀን ላይ የክፍሉ ሙቀት ስለሚሮጥ ንባቡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ የዕቃው ግድግዳም የራሱ ቴርሞካፕል አለው።

ለንድፉ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። የሳህኖቹ ጀርባ መወልወል የለበትም፤ በነጭ ቀለም ይቀባ ተብሎ ተወስኗል። የተወለወለ ገጽ ከ0.05 ወደ 0.1 ቢበላሽ ጨረሩ እጥፍ ይሆናል፤ ቀለም የተቀባው ከ0.9 ወደ 0.88 ቢወርድ ለውጡ ኢምንት ነው። ለመንኮራኩር የሚያምረው ወርቃማ ፎይል ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ጠላት ነው።

ጥር፦ ኳሷ

በአካሉ ውስጥ የሚገጠም አክስለሮሜትር ስበትን አይሰማም፤ የሚሰማው በአካሉ ላይ ብቻ የሚያርፈውን ግፊት ነው። ያ ለሙቀት ግፊት መለኪያ ጥሩ ነው፤ ግን ዜሮው በወራት ውስጥ ይንሸራተታል። በ2015 የተወነጨፈው የአውሮፓ መንኮራኩር ሊዛ ፓዝፋይንደር 46 ሚሊሜትር የሆኑ የወርቅና ፕላቲኒየም ኩቦችን ይዞ ድንቅ ጸጥታ አሳይቷል፤ የእሱ ጸጥታ ግን በሰዓታት ውስጥ ለሚለዋወጥ ምልክት ነው፤ የእኛ ምልክት ለዓመታት አይንቀሳቀስም።

ስለዚህ ምንም ኤሌክትሪክ የሌለባት ኳስ ትለቀቃለች፤ መንኮራኩሩ በሌዘር ይከተላታል። 20 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ድፍን አሉሚኒየም፣ 11.3 ኪሎ። 20 እጥፍ ላይ የፀሐይ ግፊት 3.2×10⁻¹¹ ይሰጣታል፤ ከግቡ በላይ ቢሆንም ኳስ ስለሆነች በደንብ ይሰላል። ርቀቷ ግን ይለካ። 10 ሜትር ላይ ብትቆይ የመንኮራኩሩ ስበት ራሱ 3.3×10⁻¹⁰ ይጎትታታል፣ የጄኔሬተሩ ሙቀትም 1.5×10⁻¹¹ ይገፋታል። 100 ሜትር ላይ ሁለቱም በመቶ እጥፍ ይወርዳሉ። መነሻው 100 ሜትር፣ ዋናው ሥራ 1 ኪሎሜትር ላይ ይሁን። በአንድ ቀን 10⁻¹¹ አክስለሬሽን 3.7 ሴንቲሜትር ያራርቃል፤ ሚሊሜትር የሚለይ ሌዘር ከበቂ በላይ ነው።

አለቃቀቋ ላይ ክርክር ነበር። ከጎን ብትለቀቅ፣ በደቂቃ 2 ዙር በ0.8 ሜትር ላይ 17 ሴንቲሜትር በሰከንድ ይዛ ትሄዳለች፤ የምንፈልገው 1 ሚሊሜትር ነው። የግድ ከእንዝርቱ ዘንግ ላይ መውጣት አለባት። ቦታዋ በኋላኛው ሳህን ትንሽ መስተዋት ጀርባ፣ በሦስቱ ምሰሶዎች ጫፍ ሆነ። ምሰሶዎቹ በመወንጨፍ ወቅት 11 ኪሎውን መሸከም ስላለባቸው ይወፍራሉ፣ ጨረሩንም በጥቂቱ ይጋርዳሉ። ኳሷ እስካልተለቀቀች ድረስ ፊትና ኋላ እኩል ስላልሆኑ፣ የመገልበጥ መረጃ የሚቆጠረው ከተለቀቀች በኋላ ነው። ሌዘሩን የሚመልሱ ጥጋማ መስተዋቶች ኳሷ ላይ መብዛት የለባቸውም። በ1976 የተወነጨፈችው ላጂኦስ 426 መስተዋት የያዘች የ60 ሴንቲሜትር ኳስ ናት፤ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ እንኳ የሙቀት ግፊት ታይቶባታል።

የካቲት፦ ኮምፒውተሩ

ስሌቱ በፓይተን ነው፤ የፕላኔቶቹ ቦታ ዲኢ440 ከተባለው የናሳ የፕላኔቶች ቦታ ሰንጠረዥ አጭር ፋይል ይነበባል። የሚበላሸው ባልታሰበ ቦታ ነው፦ ጊዜ። ጊዜን በጁሊያን ቀን (ከጥንት መነሻ ጀምሮ ባለ የቀን ቆጠራ) በአንድ ባለ64 ቢት ቁጥር መያዝ የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 2.46 ሚሊዮን ስለሆነ ዝቅተኛው እርምጃው 40 ማይክሮሰከንድ ነው። በሰከንድ 15 ኪሎሜትር ለሚሄድ መንኮራኩር ይህ 60 ሴንቲሜትር ነው። በ60 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 10 ሚሊሜትር የሐሰት ፍጥነት ይወልዳል፤ ምልክት የሚመስል ጥርስ ጥርስ ያለ ግራፍ ይወጣል። ከ2000 ጀምሮ በሰከንድ መቁጠር የ60 ሴንቲሜትሩን ስሕተት ወደ 2 ሚሊሜትር ያወርደዋል። ቀኑንና ሰከንዱን በሁለት ቁጥር መለየት ደግሞ ጨርሶ ያስወግደዋል፤ እኛ ጋ ግዴታ ሆኗል።

የምድር አጠገብ ማለፍ

መንገዱ በምድር አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በጁፒተር ነው፤ የጁፒተር መንኮራኩር ጁኖ በ2011 ተነሥቶ በ2013 ምድርን እንዳለፈው ዓይነት። ኒር የተባለው መንኮራኩር በጃንዋሪ 1998 በ539 ኪሎሜትር ከፍታ ሲያልፍ 13.46 ሚሊሜትር በሰከንድ ያልተጠበቀ ጭማሪ ታየበት፤ ጋሊሊዮ በ1990 በ960 ኪሎሜትር 3.92። ሮዜታ በ2005 1.8 አሳይቶ በ2007 እና በ2009 ምንም አላሳየም፤ ጁኖም አላሳየም። አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2008 ያወጡት ቀመር ጭማሪውን ከምድር መሽከርከር ጋር ያያይዘዋል፦ የሩቅ ፍጥነቱ በ3.099×10⁻⁶ ተባዝቶ፣ ከምድር ወገብ በሚለኩ የመግቢያና የመውጫ ማዕዘናት ኮሳይን ልዩነት ይባዛል። የኒር መግቢያ 20.76፣ መውጫው 71.96 ዲግሪ ደቡብ፣ ፍጥነቱ 6.851 ኪሎሜትር ነበር፤ ቀመሩ 13.3 ይሰጣል።

ቀመሩ በመግቢያና በመውጫ እኩል ለሆነ መንገድ ዜሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ እኩል ያልሆነ ተመርጧል፦ በምድር ወገብ ገብቶ በ70 ዲግሪ የሚወጣ፣ በ7 ኪሎሜትር በሰከንድ። ቀመሩ እውነት ከሆነ 14.3 ሚሊሜትር በሰከንድ፣ በ8.4 ጊጋኸርዝ የደርሶ መልስ ዶፕለር 0.8 ኸርዝ ይታያል፤ ካልሆነ ምንም። ከፍታው 1,200 ኪሎሜትር ነው፤ ዝቅ ቢል የአየር ሰበቃ ሌላ መዝገብ ይከፍታል። ትልልቆቹ የመከታተያ ጣቢያዎች መንኮራኩሩ ለምድር እጅግ በሚቀርብበት ጊዜ ስለሚያጡት፣ ያንን ክፍተት የሚሞላ የጂፒኤስ ተቀባይና በጎኑ የሌዘር መስተዋት ተጨምሯል።

ለመጋቢት የቀረው፦ የተቀባውን ገጽ ከ80 ዲግሪ ወደ 40 አውርዶ መለካት፤ የኳሷን ምሰሶዎች ውፍረት መወሰን፤ የመገልበጥ ስሌቱን በፍንጣቂ ቫልቭ ደግሞ ማስኬድ፤ ከመገልበጡ በኋላ አንዱ አፍንጫ ብቻ በዓመት 0.3 ግራም እንዲያፈስ ተደርጎ፣ ሒሳቡ ፍንጣቂውን እንደ ሙቀት ይቆጥረው እንደሆነ ለማየት።